በአንድ ራስ የተሸነፈችው ባዝራ፦ ስለ ዘንያታ የሚወራውና እውነታው

ዘንያታ 20 ጊዜ ተወዳድራ 19ኙን አሸንፋለች። ሰው አፍ ላይ የቀረችው ግን ያቺ አንዷ ሽንፈት ናት።

ለማታውቋት ባጭሩ ላስተዋውቃችሁ። አሜሪካዊት እሽቅድድም ባዝራ ናት፤ የተወለደችው በ2004 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ስትሮጥ ባለቤቶቿ ጄሪ ሞስና ሚስቱ አን ነበሩ። ጄሪ «ኤ ኤንድ ኤም» የተባለውን የሙዚቃ ኩባንያ ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱ ነበር። አሰልጣኟ ጆን ሺረፍስ ነበር፤ አብዛኛውን ውድድሯን የጋለባት ደግሞ ማይክ ስሚዝ። የመጨረሻ ሩጫዋ ኖቬምበር 6 ቀን 2010 ነበር። ቦታው ቸርችል ዳውንስ፣ ኬንታኪ፤ ውድድሩ ብሪደርስ ካፕ ክላሲክ (ከአሜሪካ ትልልቅ የፈረስ ውድድሮች አንዱ)፤ ርቀቱ 2 ሺህ ሜትር ገደማ። እዚያ ብሌም የሚባል ድንጉላ በአንድ ራስ ቀደማት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደጋፊውም ነቃፊውም የየራሱን ተረት ይዞ ቀረ። እኔ ከደጋፊዎቿ ወገን ነኝ። ቢሆንም በደጋፊዎች ተረት የምናደድበት ቀን ይበዛል። ይቺ ባዝራ ሰበብ አያስፈልጋትም።

«በአንድ ራስ መሸነፍ እኩል እንደመግባት ነው»

አይደለም። በፈረስ ውድድር የአሸናፊና የተሸናፊ ልዩነት የሚነገረው በፈረሱ አካል ነው፤ በአፍንጫ፣ በራስ፣ በአንገት፣ በአንድ ፈረስ ርዝመት እየተባለ። ራስ ማለት ግማሽ ሜትር ቢሆን ነው። ፈረሶች በዚያ ፍጥነት ሲመጡ ግማሽ ሜትር ዓይን እስኪጨፈን እንኳ አይቆይም። ትንሽ ነው፣ ግን አለ። ፎቶውም በግልጽ ያሳየዋል።

«መስመሩ አሥር ሜትር ቢርቅ ኖሮ እሷ ነበረች» የሚሉ ሞልተዋል። ሊሆን ይችላል፤ እየደረሰችበት ነበርና። ግን መስመሩ የት እንዳለ ሁሉም ፈረሰኛ ያውቃል። እኛ ይህን ነገር ከሲድኒ እናውቀዋለን። በ2000 ኃይሌ ገብረሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ10 ሺህ ሜትር የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ብቻ ነው። ያኔ «ትንሽ ቢርቅ ኖሮ» የሚል ኬንያዊ ቢያጋጥመን ምን እንደምንለው እናውቃለን።

«ከዚያ በፊት ሁሉንም እየተጫወተች ነበር የምታሸንፈው»

ይህን የሚሉት የ2010 ውድድሮቿን ያላዩ ናቸው። ከክላሲኩ በፊት በነበሩት ወራት በተከታታይ ያሸነፈቻቸውን ሦስቱን ብቻ ተመልከቱ። ሆሊውድ ፓርክ ላይ በቫኒቲ ውድድር ሴንት ትሪኒያንስን የቀደመቻት በግማሽ ርዝመት ነው። ዴል ማር ላይ በክሌመንት ሂርሽ ሪንተርቫልን በአንገት። እንደገና ሆሊውድ ፓርክ ላይ፣ በሌዲስ ሲክሬት፣ ስዊችን በግማሽ ርዝመት። ሦስቱም ልብ ሰቃይ ነበሩ።

ምክንያቱ አሯሯጧ ነው። ስትነሳ ከኋላ ትቀራለች። ብዙ ጊዜ ከሁሉም መጨረሻ ትሆናለች፤ አዲስ ተመልካች «ይቺ ናት እንዴ?» ብሎ ይስቃል። ከዚያ የመጨረሻው ጥምዝ ላይ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ መምጣት ትጀምራለች። ቁመቷ እስከ ትከሻዋ 1.75 ሜትር ገደማ ነው፤ ለባዝራ በጣም ረጅም ናት። እርምጃዋም በዚያው ልክ ሰፊ ነው። አንድ በአንድ ትለቅማቸዋለች። ከቀደመች በኋላ ግን የበለጠ ልራቅ አትልም፤ የበቃትን ያህል ብቻ ትቀድማለች።

እንዲህ የሚሮጥ ፈረስ አንድ ቀን በግማሽ ሜትር ማጠሩ አይቀርም። 19 ጊዜ አለማጠሩ ነው ጉዱ።

«አፈር ላይ ሮጣ ስለማታውቅ ነው»

በካሊፎርኒያ የሮጠችው ሰው ሠራሽ መሬት ላይ እንደነበር እውነት ነው። በዚያን ጊዜ የግዛቱ ትልልቅ ሜዳዎች አፈራቸውን ገፈው በአሸዋ፣ በጎማ ቅንጣትና በሰም ድብልቅ ተክተውት ነበር። ከ20 ውድድሮቿ 17ቱ እዚያ ላይ ናቸው።

ሦስቱ ግን አፈር ላይ ናቸው። በ2008ም በ2010ም አርካንሶ ሄዳ ኦክላውን ፓርክ ላይ አፕል ብሎሰም የተባለውን ውድድር በልታለች። ሦስተኛው ይኸው ክላሲኩ ነው። ስለዚህ «አታውቅም» አይባልም። ቸርችል ዳውንስ ላይ ግን ከፊቷ 11 ፈረሶች ነበሩ፤ የሁሉም ኮቴ የሚረጨው አፈር ወደ እሷ ነው የሚመጣው። መጀመሪያው ላይ የተመቻት አትመስልም ነበር። ይህ አንድ ነገር ነው። መሮጥ አለመቻል ሌላ ነገር ነው።

«ጋላቢው ነው ያስበላት»

ይህን ለማስተባበል የሚከብደው፣ ማይክ ስሚዝ ራሱ ስላለው ነው። ከውድድሩ በኋላ ጋዜጠኞች ፊት ቁጭ ብሎ ጥፋቱ የኔ ነው አለ፤ አለቀሰ። ያን ጊዜ የ45 ዓመት ሰው ነበር፣ በሺህ የሚቆጠር ውድድር ያሸነፈ። እንዲህ ያለ ሰው ካሜራ ፊት ሲሰበር ማየት ይከብዳል።

ያም ሆኖ ሰውየው ራሱን ስለወቀሰ ብቻ ጥፋተኛ አይሆንም። ነገሩን ተከታትለን እንየው። በመጀመሪያው ግማሽ ከወትሮዋም በላይ ርቃ ቀረች። ስሚዝ አልገፋፋትም፤ ደግሞም ከዚያ በፊት ገፋፍቷት አያውቅም። ራሷን እስክታገኝ መጠበቅ 16 ጊዜ የሠራለት ዘዴ ነው (የመጀመሪያዎቹን ሦስት ድሎች የጋለባት ሌላ ሰው ነበር)። ወደ መጨረሻው ጥምዝ ሲደርሱ ከደከሙት ፈረሶች መሃል መንገድ መፈለግ ነበረባት፤ ከዚያም ወደ ውጭ ወጣች። እዚያ የጠፋው ጊዜ ከግማሽ ሜትር ይበልጥ ይሆን? ይበልጣል ባይ ነኝ። ግን ቀደም ብሎ ቢያስቸኩላት ኖሮ የመጨረሻው ጉልበት ይተርፋት ነበር ወይ? ይህን በእርግጠኝነት የሚመልስ ካለ፣ እኔ ባላምነው ይሻላል።

አንድ የምጨምረው አለ። ከኋላ መጥታ ስታሸንፍ «ወይ ጉድ!» እያልን ያጨበጨብን ሰዎች፣ ከኋላ መጥታ ስትሸነፍ ጋላቢውን ለምን ኋላ አስቀረሃት ብለን መጠየቅ አያምርብንም።

«ብሌም ዕድል የቀናው ተራ ፈረስ ነው»

ይህ ስድብ ነው። ብሌም 13 ጊዜ ሮጦ 9 ጊዜ ያሸነፈ ፈረስ ነው። በዚያው ዓመት ዊትኒ በተባለው ውድድር ኳሊቲ ሮድ የሚባለውን ፈረስ ቀድሟል፤ ያኔም በራስ ነበር። ቸርችል ዳውንስን እንደ ቤቱ ያውቀዋል፤ በ2009 ክላርክ፣ በ2010 ስቲቨን ፎስተር የተባሉትን ውድድሮች ያሸነፈው እዚያው ሜዳ ላይ ነው። ጋላቢው ጋሬት ጎሜዝ በሰዓቱ አወጣው፤ ስትደርስበትም አልተንበረከከም። ዘንያታ የተሸነፈችው በትልቅ ፈረስ ነው። ብሌምን ማሳነስ እሷንም ማሳነስ ነው።

«ባዝራ ከወንድ ፈረስ ጋር አትወዳደርም፣ ያ ነው የታየው»

ዓመት ሳይሞላው በፊት፣ በ2009፣ ዘንያታ ይህንኑ ክላሲክ ሳንታ አኒታ ላይ አሸንፋለች። ወንዶቹን ሁሉ ቀድማ ነው፤ ሁለተኛ የወጣው ጂዮ ፖንቲ ነበር። በውድድሩ ታሪክ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ባዝራ እሷ ናት። በዚያው 2009 ሬቸል አሌክሳንድራ የተባለች ሌላ ባዝራ ፕሪክነስ የተባለውን ትልቅ ውድድር ከወንዶች ነጠቀች። ጎልዲኮቫ የተባለች ባዝራም ከ2008 እስከ 2010 በብሪደርስ ካፕ ማይል ሦስት ጊዜ ተከታትላ አሸነፈች። አውስትራሊያ ውስጥ ማካይቢ ዲቫ የተባለችው ባዝራ ሜልቦርን ካፕን ሦስት ጊዜ ወሰደች። ይበቃል።

«ከሬቸል አሌክሳንድራ ጋር ተጋጥመው ነበር»

አልተጋጠሙም። ብዙ ሰው አይቻለሁ ብሎ ይምላል፤ ምናልባት በሐሳቡ ደጋግሞ ስላሯሯጣቸው ይሆናል። በ2010 አፕል ብሎሰም ላይ ሁለቱን ለማገናኘት የ5 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ታስቦ ነበር። ሬቸል በማርች ኒው ኦርሊንስ ላይ ስትሸነፍ ባለቤቶቿ ተዉት፤ ሽልማቱም ወደ 500 ሺህ ዶላር ወረደ። ዘንያታ ግን ሄዳ ሮጠች፣ አሸነፈች።

«ከውድድር በፊት የምትጨፍረው ተምራ ነው»

ቪዲዮዋን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያስታውሰው ይህን ነው። ወደ ሜዳው ስትወጣ አንገቷን ቆልምማ የፊት እግሯን ከፍ አድርጋ ትዘረጋና መሬቱን ትደበድባለች፤ እንደገና ትዘረጋለች። ሰዉ ያብዳል። ሺረፍስ ይህን አላስተማራትም፤ ጉልበት የተረፈው ፈረስ ጠባይ ነው። ፍርሃት ነው የሚሉም አልጠፉም። የፈራ ፈረስ ግን ያልበዋል፣ ዓይኑን ያጉረጠርጣል፣ ገና ሳይሮጥ ይደክማል። እሷ ጨፍራ ስታበቃ ቆማ ሰዉን ታያለች። ጊነስ ቢራ ትጠጣ የነበረ መሆኑ ግን ተረት አይደለም፤ አሰልጣኟ ያካፍላት ነበር።

«ስለተሸነፈች ነው ያቆመችው»

የመጨረሻ ውድድሯ እንደሆነ ከመሮጧ በፊት ይታወቅ ነበር። እንዲያውም ባለቤቶቿ በ2009 መጨረሻ ላይ ሊያሳርፏት ነበር፤ በጃንዋሪ 2010 ሐሳባቸውን ቀየሩና አንድ ዓመት ጨመሩ። ብዙ ባለቤት 14 ለ 0 ይዞ ዞር ይል ነበር። ፐርሰናል ኤንሳይን የተባለች ባዝራ በ1988 እንደዚያ አድርጋለች፤ እዚያው ቸርችል ዳውንስ ላይ በአፍንጫ አሸንፋ፣ 13 ከ13 ይዛ አረፈች። ሞስ ቤተሰብ ግን ይቺን ባዝራ ሰው ይያት አሉ። ለኔ ከገንዘቡም ከዋንጫውም በላይ የሚመሰገኑበት ይህ ነው። ያን አንድ ዓመት ባይጨምሩ ኖሮ ሽንፈቱም አይኖርም፣ የዘንያታ ፍቅርም ከካሊፎርኒያ ርቆ ይህን ያህል አይሄድም ነበር።

«ደጋፊው ያሸነፈ ነው የሚወደው፤ በማግስቱ ረሷት»

ዲሴምበር 2010 ሆሊውድ ፓርክ ላይ መሰናበቻ ተዘጋጀላት። ውድድር የለባትም፤ ሰው የመጣው ስትራመድ ሊያያት ብቻ ነው። ወደ ኬንታኪ ስትሄድም ኪንላንድ ላይ በዚያ ብርድ ተሰልፎ የተቀበላት ሕዝብ ነበር።

የዓመቱ ፈረስ ሽልማትስ? ብዙ ሰው ብሌም የወሰደው ይመስለዋል፤ ቀድሟታልና። ድምፁ ሲቆጠር ግን ዘንያታ 128፣ ብሌም 102። በ2008 ሁሉንም አሸንፋ ሽልማቱ ከርሊን ለተባለ ፈረስ ሄደ። በ2009 ሁሉንም አሸንፋ ለሬቸል አሌክሳንድራ ሄደ። በተሸነፈችበት ዓመት ሰጧት። ብሌም ተበደለ የሚሉ ሰዎች አሉ፤ መከራከሪያቸው ደካማ አይደለም። እኔ ግን የሦስት ዓመት ዕዳ አንድ ላይ ተከፈላት ባይ ነኝ።

«ዘሯ ወርቅ ነው፣ ልጆቿም እንደሷ ይሆናሉ»

ዘር አለ። አባቷ ስትሪት ክራይ በኋላ 33 ጊዜ ተከታትላ ያሸነፈችውን የአውስትራሊያዋን ዊንክስንም ወልዷል። ግን ዘር ዋስትና አይደለም። ራሷ ዘንያታ በ2005 ኪንላንድ ጨረታ ላይ የተሸጠችው በ60 ሺህ ዶላር ነበር፤ በዚያ ገበያ ርካሽ የሚባል ዋጋ ነው፣ ያኔ ቆዳዋ ላይ ጭርት ነበረባት። በሩጫ ያስገባችው ከ7.3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው።

ልጆቿ ግን አልቀናቸውም። አንዳንዶቹ ገና በትንሽነታቸው ሞቱ። የበኩር ልጇ ኮዝሚክ ዋን ሲሮጥ ሕዝብ ተንጋግቶ ሊያይ ወጣ፤ አንድም ጊዜ አላሸነፈም። የብሌም ልጅ ሴንጋ ግን በ2017 ፕሪ ደ ዲያን የተባለውን የፈረንሳይ ውድድር አሸነፈች፤ ሌላው ልጁ ናዳል በ2020 አርካንሶ ደርቢ ላይ ቀደመ፣ ያውም ዘንያታ ሁለቴ ባሸነፈችበት ኦክላውን ፓርክ። ይህን ለደጋፊዎቿ ስነግር ፊታቸው ይጠቁራል።