የአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ግድቦችና የተፋሰሳቸው ጥበቃ

ለገዳዲ፣ ድሬና ገፈርሳ አዲስ አበባ የምትጠጣቸው ሦስት ግድቦች ናቸው። ገፈርሳ በትንሹ አቃቂ፣ ለገዳዲና ድሬ ደግሞ በትልቁ አቃቂ መነሻዎች ላይ ተሠርተዋል። ሦስቱም ከከተማዋ ወሰን ውጭ፣ በኦሮሚያ ክልል ይገኛሉ። ዝናቡ ግድብ ከመግባቱ በፊት የሚያርፍበት መሬት፣ ማለትም ተፋሰሱ፣ የገበሬ ማሳ፣ የከብት መሰማሪያና የባሕር ዛፍ ተክል ነው፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ የቤት መሥሪያ ቦታም ሆኗል። ስለ ግድቦቹና ስለ ቧንቧው ብዙ ተጽፏል። ስለዚህ መሬት የተጻፈው ግን በየጥናቱና በየሪፖርቱ ተበታትኖ የቀረ ስለሆነ፣ ይህ ዳሰሳ ከግድቡ ይልቅ በዙሪያው ባለው መሬት ላይ ያተኩራል።

አመጣጥ

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከእንጦጦ ምንጭ ወደ ቤተ መንግሥቱ ውሃ በቧንቧ የሳበው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የከተማው ሕዝብ የኖረው በምንጭ፣ በጉድጓድና በወንዝ ነበር።

ገፈርሳ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በአምቦ መንገድ ላይ ይገኛል። ሥራው በጣሊያን ወረራ ዘመን ተጀመረ የሚሉ አሉ፤ ሌሎች 1936 ዓ.ም.ን ይጠቅሳሉ። በኋላ ግድቡ ከፍ ተደርጓል፤ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ ከዋናው በላይ ገፈርሳ 3 የሚባለው ግድብ ተሠራ። የዚህኛው ዋና ጥቅሙ ጎርፍ ይዞት የሚመጣውን ደለል ከላይ አስቀርቶ ዋናውን ግድብ ማሳረፍ ነው። ደለል አደጋ መሆኑን የያኔዎቹ መሐንዲሶች ቀድመው ማየታቸው ሊመሰገን ይገባል። የገፈርሳ ዳርቻ በዚህች አገር ብቻ የሚገኘው ሰማያዊ ክንፍ ዝይ የሚታይበት በመሆኑ ወፍ ተመልካቾችም ያውቁታል።

ከተማዋ ስታድግ ገፈርሳ አልበቃ አለ። በምሥራቅ በኩል፣ በደሴ መንገድ፣ የለገዳዲ ግድብ በ1962 ዓ.ም. ተጠናቀቀ። በዓመቱ፣ በ1963 ዓ.ም.፣ የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ራሱን ችሎ ተቋቋመ። «ለገ» በኦሮምኛ ወንዝ፣ «ዳዲ» ጠጅ ማለት ነው፤ የጠጅ ወንዝ እንደማለት። ግድቡ 44 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ያህል ውሃ እንዲይዝ ታቅዶ የተሠራ ሲሆን፣ ማጣሪያው መጀመሪያ በቀን 50 ሺህ ሜትር ኪዩብ ያጣራ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ወደ 150 ሺህ አደገ፤ ከዚያም በተከታታይ ማሻሻያ ወደ 165 ሺህና ወደ 195 ሺህ ደረሰ። በ1991 ዓ.ም. የተጠናቀቀውና 19 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ገደማ የሚይዘው የድሬ ግድብም ውሃውን የሚልከው ወደዚሁ ማጣሪያ ነው። ስለዚህ ለገዳዲ ማጣሪያ የሁለት ተፋሰስ ሸክም ተሸካሚ ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ፣ መንግሥት ሲቀያየርም ሆነ ክረምቱ ሲከብድ፣ ሌት ተቀን ሲሠራ መኖሩ የአገር ባለውለታ ያደርገዋል።

በዚያው አካባቢ ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ የሚያወጣው የለገዳዲ ሁለት ፕሮጀክት በ2014 ዓ.ም. በቀን 86 ሺህ ሜትር ኪዩብ እንዲያመርት ታቅዶ ተመርቋል። እንግዲህ ያ መሬት ከተማዋን በግድብም በጉድጓድም ያጠጣል ማለት ነው።

አፈሩና ክረምቱ

የለገዳዲ ውሃ በድፍርስነቱ ይታወቃል፤ ምክንያቱ አፈሩ ነው። ሜዳው በአብዛኛው አማርኛ ተናጋሪው መረሬ ወይም ዋልካ፣ ኦሮምኛ ተናጋሪው ኮቲቻ የሚለው ጥቁር አፈር ነው። በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጥና እንደ ሊጥ ይሆናል። ጎርፍ ሲያጥበው የሚወጣው ሸክላ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ በራሱ ጊዜ አይዘቅጥም። አሸዋ በደቂቃ ወደ ታች ይወርዳል፤ ይህ ሸክላ ግን ለሳምንታት ተንሳፎ ይቆያል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግድቡ ቡና በወተት የሚመስለው ለዚህ ነው።

ማጣሪያው ይህን ሸክላ የሚያወርደው በአሉሚኒየም ሰልፌትና በፖሊመር ነው። ደቃቁ ሸክላ ተያይዞ እንደ እርጎ ይጓጉልና ይዘቅጣል፤ ከዚያ ውሃው በአሸዋ ያልፍና ክሎሪን ይጨመርበታል። ድፍርስነቱ በበዛ ቁጥር ኬሚካሉም ይበዛል፣ የአሸዋ ማጣሪያውም ቶሎ ቶሎ መታጠብ አለበት፤ ለማጠቢያ የሚውለው ደግሞ ያው የተጣራው ውሃ ነው። ከሁሉ የሚከፋው፣ ሸክላ ለተሐዋስያን መሸሸጊያ ስለሚሆን ክሎሪን እንዳይደርስባቸው ማድረጉ ነው። ክሎሪን በደንብ እንዲሠራ የውሃው ድፍርስነት ከ1 ኤን.ቲ.ዩ. (የድፍርስነት መለኪያ) በታች ቢሆን ይመረጣል። ከላይ ያልተጠበቀ አፈር በፈረቃ ውሃ የሚጠብቀውን የከተማ ሰው የሚጎዳው በዚህ መንገድ ነው።

ገበሬው ይህን አፈር የሚያርስበት ዘዴ በዘመናት የተፈተነ ነው። መረሬ ውሃ ሲይዝ ሰብል ስለሚያበሰብስ፣ ውሃውን ከማሳ የሚያስወጣ ፈሰስ ይወጣለታል። ለስንዴውና ለጤፉ መዳኛ ነው። ሆኖም ፈሰሱ ቁልቁለቱን ተከትሎ በቀጥታ ወደ ወንዝ ከገባ፣ ውሃው ፍጥነት አግኝቶ ቦይውን እየሸረሸረ ከአፈሩ ጋር ማዳበሪያውንም ይወስዳል። የዳፕም ሆነ የኤን.ፒ.ኤስ. ማዳበሪያ ፎስፎረስ ከሸክላ ጋር የሚጣበቅ ነው። አፈር ሲታጠብ አብሮ ግድብ ይገባል፤ በበጋ ፀሐይ ወጥቶ ውሃው ሲረጋ ለአልጌ ምግብ ይሆናል። ፈሰሱን መድፈን መፍትሔ አይደለም፤ ገበሬውን ምርት ማሳጣት ነው። የሚሻለው ጠመም አድርጎ ማውጣት፣ መጨረሻውን ሣር ባለበት ቦታ ላይ ማድረግ፣ በቦረቦረው ላይ በድንጋይ ክትር መሥራት ነው። ቬቲቨርና ዴሾ ሣር በእርከን ጫፍ ላይ ሲተከሉ አፈሩን ያስቀራሉ፤ ዴሾ ለከብት መኖ ስለሚሆን ገበሬው ይበልጥ ይወደዋል።

ባሕር ዛፍ አከራካሪ ነው። ምንጭ ያደርቃል፣ ከሥሩ ሣር አያበቅልም የሚባለው እርጥበት በሌለበትና ቅጠሉ ለማገዶ በሚጠረግበት ቦታ በእርግጥ ይታያል፤ ሥሩ ባዶ የሆነ መሬት ደግሞ በክረምት ይታጠባል። በሌላ በኩል ለገበሬው የቁጠባ ሣጥኑ ነው፤ ልጅ ሲድርም ግብር ሲከፍልም የሚቆርጠው እሱን ነው። በግድቡ ዳርና በምንጭ አናት ላይ ባይተከል፣ በምትኩ ወይራ፣ ጽድና ኮሶ ቢተከል የሚለው ምክር ተገቢ ይመስላል። ከወንዝ ራቅ ባለ ጉብታ ላይ ያለውን ግን መቃወም ያስቸግራል።

በሕዝብ ንቅናቄ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በየበጋው የሚካሄደው የተፋሰስ ሥራና ከ2011 ዓ.ም. የጀመረው አረንጓዴ አሻራ በአገር ደረጃ ብዙ እርከንና ችግኝ አስገኝተዋል። የተተከለው እንዲጸድቅ ከከብት መከለል አለበት፤ ለዚህ ደግሞ ለከብቱ ሌላ መኖ መገኘት አለበት።

እርሻው ቦታ ሲሆን

የእርሻ መሬት ወደ መኖሪያነት ሲቀየር አደጋው መልኩን ይለውጣል። የመጀመሪያው ጉዳት የሚደርሰው ቤቱ ከማለቁ በፊት ነው። መሬቱ ተገልጦ፣ መንገድ ተቆርጦ፣ አፈር ተቆልሎ ክረምት ከገባ፣ አንድ የግንባታ ቦታ ከታረሰ ማሳ ይበልጥ አፈር ይለቃል። ስለዚህ የአፈር ሥራን ከመስከረም በኋላ ጀምሮ ከሰኔ በፊት መጨረስ፣ የላይኛውን ለም አፈር ለብቻ ማቆየትና መልሶ ማልበስ፣ ከግንባታው በታች ጎርፉ የሚያርፍበት የደለል ጉድጓድ ማውጣት ያስፈልጋል። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የዝናብን ወቅት ማክበር ነው።

ሁለተኛው ጣሪያና አስፋልት ነው። በሣር ላይ ሲያርፍ ይሰርግ የነበረ ዝናብ ከቆርቆሮ ላይ ወዲያው ይወርዳል፤ በዲች ተሰብስቦ ወንዙን ከዚህ በፊት አይቶት በማያውቀው ጉልበት ይመታዋል። የወንዙ ግራና ቀኝ ይናዳል። የጋራዥ ዘይት፣ የመኪና እጥበት ሳሙናና የመንገድ ቆሻሻ አብሮ ይሄዳል።

ሦስተኛው ሽንት ቤት ነው፤ በመረሬ ላይ ይህ ከሌላ ቦታ ይብሳል። አፈሩ ሲረጥብ ውሃ ስለማያሳልፍ ጉድጓዱ በክረምት ሞልቶ ይገነፍላል፤ በበጋ ሲሰነጠቅ ደግሞ ፍሳሹ በስንጥቁ ይሄዳል። የሴፕቲክ ታንክ ግድግዳም በአፈሩ እብጠት ይሰነጠቃል። በዚህ መሬት ላይ የሚሠራ ታንክ በደንብ የተለሰነና ውሃ የማያሾልክ መሆን አለበት፤ ከሞላ በመኪና ተመጥጦ ወደ ፍሳሽ ማጣሪያ መወሰድ እንጂ ወደ ቦይ መከፈት የለበትም። ሰፈሩ ሲበዛ የጋራ የፍሳሽ መስመር የግድ ይሆናል።

ቤት በአንድ ቀን ሰፈር አይሆንም። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ፣ አንዱ ለልጁ ይቆርሳል፣ ሌላው ለገዢ ይሸጣል፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ተፋሰሱ ከተማ ይሆናል። በ2015 ዓ.ም. ቡራዩና ለገጣፎ ለገዳዲን ጨምሮ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ ከተሞች ሸገር ከተማ በሚል አንድ አስተዳደር ሥር መግባታቸው ለውሃው ዕድልም ስጋትም ነው። በአንድ ፕላን መመራት ከተቻለ ለግድቦቹ ዙሪያ ጥብቅ ወሰን ማስመር ይቀላል። ከተማ የሚለው ስም ራሱ ግን መሬቱን ያስወድዳል።

ቆሻሻና ሰንዳፋ

የከተማዋን ቆሻሻ ከረጲ፣ በተለምዶ ቆሼ ከሚባለው ቦታ፣ ለማዞር በፈረንሳይ መንግሥት ድጋፍ በሰንዳፋ አካባቢ ዘመናዊ ማስወገጃ ተሠርቶ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። አርሶ አደሮቹ ፍሳሹ ውሃችንን በከለ፣ ከብታችን ታመመ ብለው ተቃወሙ፤ ከወራት በኋላም ሥራው ቆመ። ዲዛይኑን ጠቅሰው ለማስወገጃው ሊከላከሉለት የሞከሩ ባለሙያዎች ነበሩ። ቆሻሻው ወደ ረጲ ተመለሰ፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ሞተ። ያን ሐዘን ማንም አይረሳውም። ገበሬው ስለ ውሃው ያነሳው ጥያቄ ግን ከመጀመሪያው፣ ቦታው ሲመረጥ፣ ሊሰማ ይገባው ነበር።

ሕጉ

የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የውሃ ዳርቻ እንዲከለል፣ በተከለለው ውስጥም ቤት መሥራትና ዛፍ መመንጠር እንዲከለከል ሥልጣን ይሰጣል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ 299/1995ና የብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995 ከዚያ ተከተሉ። የገጠር መሬት አዋጅ 456/1997 ተዳፋቱ ከ60 በመቶ የበለጠ መሬት እንዳይታረስና ልቅ ግጦሽ እንዳይሰማራበት፣ ከ30 እስከ 60 በመቶ ያለው ደግሞ እርከን ከተሠራበት ብቻ እንዲታረስ ደንግጎ ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተካ። የተጽዕኖ ግምገማ የሚጠየቀው ለፕሮጀክት ነው። አንድ በአንድ የሚሠራ መኖሪያ ቤት በዚህ ወንፊት አይያዝም፤ ተፋሰሱን የሚለውጠው ግን የነዚህ ቤቶች ድምር ነው። አዲስ አበባ በ2017 ዓ.ም. ያወጣችው የወንዝ ዳርቻና የብክለት መከላከያ ደንብም የሚሠራው በከተማዋ ወሰን ውስጥ ነው፤ የምትጠጣው የግድብ ውሃ ደግሞ ከወሰኑ ውጭ ነው ያለው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 49 ንዑስ አንቀጽ 5 ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ላይ ያለውን ልዩ ጥቅም ሲጠቅስ የተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀምን በስም ያነሳል። ዝርዝሩ ለዓመታት አከራክሯል። የፖለቲካው ክርክር የትም ይድረስ፣ ለውሃው የሚበጀው ግልጽ ነው፦ ሣር እንዲያለብስ፣ ከብቱን ከግድቡ ዳር አርቆ በገንዳ እንዲያጠጣ፣ ከወንዙ ዳር እንዳያርስ የሚጠየቀው ገበሬ ለሚያጣው ምርት ካሳ ማግኘት አለበት፤ በደጁ የሚያልፈው ቧንቧም ለእርሱ ሊከፈትለት ይገባል። ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ1997 ከግድቦቿ ተፋሰስ ነዋሪዎች ጋር እንዲህ ያለ ስምምነት ፈርማ፣ እጅግ ውድ የሆነ ማጣሪያ ከመሥራት ድናለች። ሥራው ከማጣሪያው አጥር ውጭ ስለሚጀምር የውሃ መሥሪያ ቤቱ ብቻውን አይወጣውም።

አባ ሳሙኤል

ተፋሰስ ሲበላሽ ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፣ በዚያው በአቃቂ ወንዝ ላይ ያለው አባ ሳሙኤል የአገሪቱ የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ ነበር። የከተማዋ ፍሳሽና የተፋሰሱ ደለል ሞላው፤ ሥራ አቁሞ ለአሥርት ዓመታት ተቀመጠ። በ2009 ዓ.ም. በቻይና ድጋፍ ታድሶ 6.6 ሜጋ ዋት ማመንጨት ጀምሯል። ኤሌክትሪክ በቆሸሸ ውሃም ይመነጫል፤ ያንን ውሃ ግን ለሰው ማጠጣት አይቻልም። ወረድ ብሎ በአዋሽ ላይ ያለው ቆቃም በደለልና በአረንጓዴ አልጌ ይቸገራል፤ እንቦጭ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታየው በ1957 ዓ.ም. ገደማ በዚያው አካባቢ ነው።

ወደፊት የታሰቡት

ለአዲስ አበባ ከታቀዱት ግድቦች ገርቢና ሲቢሉ የሚገኙት ከእንጦጦ ጀርባ፣ በሱሉልታ በኩል፣ በአባይ ተፋሰስ ውስጥ ነው። ገርቢ ለዓመታት ሲጀመርና ሲቋረጥ ቆይቷል። በለገዳዲ ዙሪያ ወሰን ማስመር ዛሬ ቤት የሠራን ሰው ማንሳት ይጠይቃል። በገርቢ ግን መጪው ውሃ የሚተኛበትና የሚፈስበት መሬት ብዙው ገና እርሻና ግጦሽ ስለሆነ፣ ጥብቅ ዞኑን ግድቡ ሳይሠራ፣ ገበሬው እያለ፣ ከገበሬው ጋር ሆኖ በካርታ ማስፈር ይቻላል።