የሴሎች ፉክክር፦ ፅንስ ገና ሲጀመር ማን ይቀራል?

ፅንስ ሲባል አብዛኞቻችን የሚታየን ሴል ሲከፈል፣ ሲባዛ፣ ዝም ብሎ ሲጨምር ነው። መቀነስም አለ። የአይጥ ፅንስ ማህፀን ላይ ከተጣበቀ በኋላ፣ የሰውነት መሠረታዊ ንጣፎች መለየት ከመጀመራቸው በፊት ባለችው አጭር ጊዜ፣ ኋላ አካል ከሚሆኑት ሴሎች 35 በመቶ ገደማ እንደሚወገዱ ተገምቷል። ከሦስት አንዱ በላይ ማለት ነው! ይህ የሚሆነው ደግሞ ምንም ችግር በሌለበት፣ ጤነኛ ፅንስ ውስጥ ነው። ሂደቱ የሴሎች ፉክክር ይባላል።

መጀመሪያ የታየው ዝንብ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ጊኔስ ሞራታ እና ፔድሮ ሪፖል የተባሉ ስፔናውያን ሚኑት የሚባል የዘረመል ለውጥ ያለባቸውን የፍራፍሬ ዝንቦች ያጠኑ ነበር። ለውጡ ፕሮቲን የሚመረትበትን ራይቦዞም ይነካል። ዝንቧ ሁለመናዋ ይህን ለውጥ ይዞ ሲገኝ እድገቷ ይዘገያል እንጂ ትኖራለች። እነዚያው ሴሎች ክንፏ ውስጥ ከጤነኛ ሴሎች ጋር ሲጎራበቱ ግን ድራሻቸው ይጠፋል።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፤ ሴሉን የሚገድለው ድክመቱ ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱም ነው። ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ቡና እየጠጣን ይህን ለአንድ የሕክምና ተማሪ ስነግረው «ደካማ ከሆነ ታዲያ ለምን በራሱ ጊዜ አይሞትም?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ፣ ብቻውን ቢሆን ላይሞት ይችላል የሚል ነው። እዚያው አካባቢ የቡና ችግኝ የሚያፈላ ሰው አንድ ፕላስቲክ ውስጥ ሁለት ፍሬ ዘርቶ ኋላ ላይ ደካማዋን ችግኝ ሊነቅል ይችላል፣ ግን መራጩ ሰውዬው ነው። ፅንስ ውስጥ ከውጭ ገብቶ የሚነቅል የለም። ሴሎቹ እርስ በርስ ይመዛዘናሉ፣ ያነሰው ደግሞ ራሱን ያጠፋል።

ይህ አጥቢ እንስሳ ፅንስ ውስጥም በተፈጥሮ እንደሚካሄድ በደንብ የታየው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ማድሪድ የሚገኘው የሚጌል ቶረስ ቡድን ሚክ የሚባለውን ፕሮቲን ተከታተለ። ሚክ የሴልን እድገትና የፕሮቲን ምርት የሚያፋጥን ነው፣ መጠኑም ከሴል ሴል ይለያያል። ተመራማሪዎቹ አንዳንድ ሴሎች ብቻ ተጨማሪ ሚክ እንዲኖራቸው አደረጉና በቀለም ለዩዋቸው። ባለቀለሞቹ ፅንሱን እየወረሱት ሄዱ፤ ሚክ ያነሳቸው ጎረቤቶቻቸው እየሞቱ፣ ስብርባሪያቸውም በአጠገባቸው ባሉት ሴሎች እየተዋጠ ተጠረገ። በጣም የሚገርመኝ ፅንሱ አለመታወኩ ነው፤ መጠኑም ቅርፁም አልተለወጠም። ሞቱን የሚከለክል ፕሮቲን ሲጨመር ደግሞ ተሸናፊዎቹ ሳይጠፉ ቀሩ።

በዚያው ዓመት ለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ያለው የትሪስታን ሮድሪጌዝ ቡድን በአይጥ ስቴም ሴሎች (ወደ ተለያየ የሰውነት ሴል ሊለወጡ የሚችሉ ሴሎች) ተመሳሳይ ነገር አሳየ። ክሮሞዞማቸው (ዘረመሎችን የሚሸከመው ክፍል) እጥፍ የሆነ ሴሎች ለብቻቸው ሲያድጉ ደህና ናቸው፣ ከጤነኞች ጋር ተቀላቅለው ወደ ሥራ መከፋፈል ሲገቡ ግን ይወገዳሉ። ጊዜው ወሳኝ ነው። ኋላ ላይ ያው ቡድን የውስጡን መንገድ አገኘው፦ በተሸናፊው ሴል ውስጥ ፒ53 የሚባል ፕሮቲን ከፍ ይላል፣ ይህም እድገትን የሚመራውን ኤምቶር የሚባል ፕሮቲን ይቀንሰዋል፣ ከዚያ ሞት ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ተሸናፊዎቹ ብዙውን ጊዜ የሚቶኮንድሪያ (ለሴሉ ኃይል የሚያመነጨው ክፍል) ችግር ያለባቸው መሆናቸውን አሳዩ። ሚቶኮንድሪያ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነውና ማጣሪያው እዚህ መደረጉ ትርጉም ይሰጣል።

ማህፀን ላይ ከመጣበቁም በፊት ሌላ ዙር አለ። ጃፓን ውስጥ ሃሺሞቶ እና ሳሳኪ ያፕ የሚባለው ፕሮቲን የደከመባቸው ሴሎች በዚያ ደረጃ እንደሚወገዱ አሳይተዋል።

የክሮሞዞም ቁጥር መዛባትን በተመለከተ፣ የሰው ፅንስ ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተዛቡ ሴሎች መገኘታቸው የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የማግዳሌና ዜርኒካ-ጌትዝ ቡድን ካምብሪጅ ውስጥ ግማሹ ጤነኛ፣ ግማሹ የተዛባ የአይጥ ፅንስ ሠራ። አካል በሚሆነው ክፍል ያሉት የተዛቡ ሴሎች ሞቱ፤ የእንግዴ ልጅ በሚሆነው ክፍል ያሉት ግን በዝግታ እየተከፈሉ ቆዩ። ፅንሱ ለመወለድ በቃ። የተዛቡት ሦስት እጅ፣ ጤነኞቹ አንድ እጅ ሲሆኑ ግን ብዙዎቹ አልዘለቁም። በቂ ጤነኛ ጎረቤት ከሌለ ማጣሪያው ብቻውን አያድንም።

የሰው ሴል ከእንስሳ ሴል ጋር ሲቀላቀልስ? ይሸነፋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የጁን ዉ ቡድን የሰው ሴሎች ከአይጥ ሴሎች ጋር ሲያድጉ እንደሚሞቱ፣ ፒ65 ወይም ማይዲ88 የሚባሉት ዘረመሎች ሲጠፉ ግን እንደሚተርፉ አሳየ። ይህ ለሰው የሚተከል አካል እንስሳ ውስጥ ለማሳደግ ለሚሞክሩት ትልቅ ዜና ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ቻይና ጓንግዡ ውስጥ የአሳማ ፅንስ የራሱን ኩላሊት እንዳያበቅል ተደርጎ የሰው ሴሎች ተጨመሩበት። ሴሎቹ እንዳይሸነፉ ከሚክ ቤተሰብ የሆነው ሚክኤን እና ሞትን የሚከላከለው ቢሲኤል2 ከፍ ተደርጎባቸው ነበር። ፅንሶቹ እስከ 28 ቀን ሲያድጉ ከጅምር ኩላሊታቸው ሴሎች ከ50 እስከ 60 በመቶው የሰው ነበሩ። ጥቂት የሰው ሴሎች ግን የአሳማው አንጎልና ህብለሰረሰር ውስጥም ተገኝተዋል፤ የሥነ ምግባር ክርክሩ በዋናነት የሚያተኩረውም እዚህ ላይ ነው።