ሐኑካ፦ ለልጆች የሚነገረው ታሪክና የበዓሉ ፍቺ

ሐኑካ በዕብራይስጥ መመረቅ፣ መቀደስ ማለት ነው። እኛ "ቅዳሴ ቤት" ከምንለው ይቀራረባል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10 "የመቅደስ መታደስ በዓል" የተባለውም ይኸው ነው። ኪስሌቭ ከሚባለው የአይሁድ ወር 25ኛ ቀን ጀምሮ 8 ቀን ይከበራል።

ለልጆች ሲተረክ እንዲህ ነው። አይሁድን ይገዛ የነበረው የሶርያ ግሪኮች ንጉሥ አንጥያኮስ 4ኛ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ167 የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ አረከሰ። ሰንበትንና ግዝረትን ከለከለ። በሞዲኢን የሚኖር ማታትያስ የሚባል ሽማግሌ ካህን "እምቢ" ብሎ ከ5 ወንዶች ልጆቹ ጋር ሸፈተ። እሱ ሲሞት ልጁ ይሁዳ መቃቢ ጦሩን መራ፤ በ164 መቅደሱን አስመለሱ። ጠራርገው መብራቱን ሊያበሩ ሲሉ የሊቀ ካህናቱ ማኅተም ያለበት አንድ ማሰሮ ዘይት ብቻ ተገኘ። ለ1 ቀን የሚበቃው ዘይት 8 ቀን ነደደ።

የማሰሮው ነገር የተጻፈው ግን የአይሁድ ሊቃውንት ትምህርት በተሰበሰበበት በታልሙድ ነው። ጦርነቱን በቅርብ የሚተርኩት ሁለቱ የመቃብያን መጻሕፍት አያነሱትም። ሁለተኛው እንዲያውም 8 ቀን የሆነው በጦርነቱ ያመለጣቸውን የዳስ በዓል አምሳያ አድርገው ስላከበሩ ነው ይላል። ምንም ይሁን፣ ልጅ ፊት ማሰሮው ያሸንፋል። (በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ መጽሐፍ ቅዱስ ያሉት ሦስቱ መቃብያን ስማቸው ይመሳሰል እንጂ ታሪካቸው ሌላ ነው።)

መቅረዙ 9 መያዣ አለው፤ አንዱ ሌሎቹን የሚለኩሰው "ሻማሽ" ነው። ሻማው በየምሽቱ አንድ ይጨመራል። ይህ የጥንቱ የአይሁድ መምህር የሂሌል ወገን ሥርዓት ነው፤ የሌላው መምህር የሻማይ ወገን ከ8 ጀምሮ ይቀነስ ይል ነበር። ሻማሹን ጨምሮ በ8ቱ ምሽት 44 ሻማ ይነዳል። ዘይቱን ለማስታወስ በዘይት የተጠበሰ ይበላል። እስራኤል ውስጥ ማርመላታ የተሞላው "ሱፍጋኒያ" አይቀርም። ልጆች ባለ 4 ጎን እንዝርት መሳይ መጫወቻ ያሾራሉ።

ቤተ እስራኤል በኢትዮጵያ ሳሉ ሐኑካን አያከብሩም ነበር። ሕይወታቸው የቆመው በኦሪት ላይ ነው፤ ታልሙድም አልደረሳቸውም። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥር ካለ ተሳስቷል። ኦሪትን በራሳቸው ቀሳውስት እጅ ጠብቀው ያቆዩ ሰዎች ናቸው። ሐኑካን የለመዱት እስራኤል ከገቡ በኋላ ነው። እነሱ ይዘው የሄዱትን ስግድን ደግሞ የእስራኤል ፓርላማ (ክኔሴት) በ2008 እ.ኤ.አ. በሕግ ብሔራዊ በዓል አድርጎታል። ስግድ ከኪስሌቭ በፊት ባለው ወር፣ በሔሽቫን 29 ይውላል። ወር ሳይሞላ ሐኑካ ይከተላል።