ከሐረና እስከ ሳነቴ፦ አየር ንብረትና የዛፍ ቁመት

ባሌ ውስጥ ከዶሎ መና ወደ ጎባ የሚወስደው መንገድ የሐረናን ደን ሰንጥቆ ያልፋል። ታች፣ የጫካ ቡና በሚበቅልበት በኩል፣ የዛፉን ጫፍ ለማየት አንገት እስኪያም ማንጋጠጥ ነው። ቀረሮ 40 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ሽቅብ ሲወጡ፣ ሪራ መንደር አካባቢ የዛፍ ሽበት የተንጠለጠለበት ኮሶና አምጃ ይመጣል። ከዚያ ተራው የአስታ ነው። መጀመሪያ ዛፍ ነው፤ ከፍ ሲሉ ቁጥቋጦ ይሆናል፤ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ሳነቴ ላይ ሲደርሱ ጉልበት የማይደርስ ነው።

ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ብርዱ ዛፉን አስርቦ የሚያሳጥረው ይመስላል፤ ግን አይደለም። ቅጠል በብርድም ምግብ ይሠራል። ችግሩ ጫፉ ላይ ነው፤ ከ5 ዲግሪ በታች አዲስ ህዋስ የሚፈጠረው በጭንቅ ነው። ጎተራው ሙሉ ነው፣ የግንበኛው እጅ ግን ደንዝዟል።

ታዲያ ቁጥቋጦው እንዴት ቻለው? መሬት ላይ ተለጥፎ ፀሐይ ያሞቀችውን አየር ይጋራል። የረጅም ዛፍ አናት ግን ነፋስ ላይ ነው፣ መጠለያ የለውም። (ሳነቴ ላይ ከሰው በላይ የሚቆመው ጅብራ ዛፍ አይደለም፤ እሱም ሌሊት ቅጠሉን ሰብስቦ እምቡጡን ያለብሳል።)

ቆላ ሲወርዱ ደግሞ ጣጣው ውሃ ነው። ለጋው ጫፍ የሚረዝመው ህዋሱ በውሃ ሲወጠር ነው። ስለዚህ ዝናብ ሲጠፋ፣ ገና ቅጠሉ ሳይጠወልግ እድገቱ ይቆማል። ረጅም ዛፍ ዝናብ ባለበትም ቢሆን ውሃ አናቱ ድረስ መሳብ ይከብደዋል። የዓለማችን ረጅሙ ዛፍ፣ 116 ሜትር ገደማ የሆነው የካሊፎርኒያ ሬድዉድ፣ የሚኖረው የባሕር ጉም በሚያርሰው ጠረፍ አቅራቢያ ነው።

የደን ባለሙያዎች መሬት ለዛፍ ይስማማ እንደሆነ ለማወቅ ከውፍረት ይልቅ ቁመት ይለካሉ። ውፍረት ዛፎቹ በተተከሉበት ርቀት በቀላሉ ይለዋወጣል። በአንድ ዕድሜ ላይ ያሉ አውራ ዛፎች ቁመት ግን ስለ አፈሩና ስለ አየሩ የተሻለ ይመሰክራል።

ሁሉን በብርድ ማሳበብ ግን አያዋጣም። አስታን እረኞች ለግጦሽ ያቃጥሉታል፤ እሱም ከሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል። ጉልበት የሚያክል አስታ ካዩ ግርጌውን ገለጥ አድርገው ይዩት። የከሰለ ጉቶ ካለ፣ ያሳጠረው ውርጩ ብቻ አይደለም።