ስውር ደንበኛ በኮሮና ዘመን፦ የምግብ ቤት መስተንግዶ ፍተሻና የጎጃም ቤቶች

ስውር ደንበኛ ምግብ ቤት ገብቶ እንደማንኛውም ተመጋቢ የሚያዝ፣ የሚበላ፣ ሒሳቡን ከፍሎ የሚወጣ፣ ከዚያም ያየውን በተሰጠው መጠይቅ መሠረት ለላከው ድርጅት ጽፎ የሚያስረክብ ሰው ነው። አስተናጋጇ ለማዘዝ ስንት ደቂቃ አስጠበቀች፣ ምግቡ ትኩስ ሆኖ ቀረበ ወይ፣ መጸዳጃ ቤቱ ውሃና ሳሙና ነበረው ወይ፣ ደረሰኝ ተቆረጠ ወይ የሚሉት የዘወትር ጥያቄዎቹ ናቸው። ይህ ዳሰሳ የኮሮና ወረርሽኝ ሥራውን በተስፋፋባቸው አገሮች እንዴት እንደ ቀየረው፣ በጎጃም ደግሞ የምግብ ቤቶችን የመስተንግዶ ቁጥጥር ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንዳዛወረው ይመለከታል። ጎጃም ሲባል ምሥራቅና ምዕራብ ጎጃምን፣ አዊንና ባሕር ዳርን ያካትታል፤ የአስተዳደር ወሰኑ በየዘመኑ ቢቀያየርም መንገዱም ገበታውም አንድ ነውና።

አመጣጥ

ሥራው የተወለደው አሜሪካ ውስጥ ነው። መጀመሪያ የተሰማሩበት የግል መርማሪዎች ሲሆኑ ተግባራቸውም የሱቅና የባንክ ሠራተኞች ገንዘብ እንዳይደብቁ መሰለል ነበር። አሁን የሚጠራበትን «ሚስትሪ ሾፒንግ» የሚል የእንግሊዝኛ ስም እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ያወጣለት ዊልማርክ የተባለ ድርጅት እንደ ሆነ ይነገራል። የሙያው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1998 ተቋቋመ። ክፍያው ከጥንትም ቀጭን ነው፦ የበላው ምግብ ዋጋ ይመለስለታል፣ ጥቂት ገንዘብም ይጨመርለታል። ስውር ደንበኛው የማንም ቋሚ ሠራተኛ አይደለም፤ በእያንዳንዱ ጉብኝት የሚዋዋል ሰው ነው። ወረርሽኙ ሲመጣ ይህ ነጥብ ከባድ ዋጋ አስከፍሎታል።

በኢትዮጵያ ዘዴው በይበልጥ የሚታወቀው በጤና ተመራማሪዎች ዘንድ ነው። የሠለጠነ ሰው በሽተኛ መስሎ መድኃኒት ቤት ይገባል፤ ባለሙያው ያለ ሐኪም ማዘዣ ምን እንደሚሸጥለት ይመዘግባል። ጎንደርን ጨምሮ በተለያዩ ከተሞች እንዲህ ያሉ ጥናቶች ተካሂደዋል። በሆቴሉ ዘርፍ የመጣው ትልቅ ለውጥ በ2007 ዓ.ም. የተጀመረው የኮከብ ደረጃ ምደባ ነው፤ የዓለም ቱሪዝም ድርጅት መስፈርት ተይዞ ተሠርቷል። የኮከብ መዳቢ ግን ስሙን አስታውቆ የሚመጣ እንግዳ ነው። አንሶላው ተቀይሮ፣ ወለሉ ተወልውሎ፣ ሥራ አስኪያጁ ከረባት አድርጎ ነው የሚጠብቀው።

ጎጃም ለምን ስውር ዓይን ያስፈልገዋል

የጎጃም ሰው የቀረበለትን ማዕድ በአደባባይ አይነቅፍም። ወጡ ጨው ቢበዛበት፣ እንጀራው ቢሻግት እንኳ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ እጁን ታጥቦ ይወጣል። ቅሬታውን የሚያውቀው ሁለተኛ አለመምጣቱን ልብ ያለ ባለቤት ብቻ ነው። መናገር ግድ ከሆነበትም ቅኔ አለለት፤ ዋሸራን፣ ጎንጅንና ዲማን ያቀፈ አገር ስለ ቀጠነ ሽሮ በሰምና ወርቅ መናገር አያቅተውም። ከገንዘብ መቀበያው አጠገብ የሚሰቀለው የአስተያየት ሣጥን ባዶውን የሚከርመውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ስለዚህ ንቁ ባለቤቶች ከሌላ ከተማ የመጣ ዘመድ ወይም ወዳጅ ሳይታወቅ ገብቶ እንዲበላና ያየውን በጆሯቸው እንዲነግራቸው መላካቸው እንግዳ ነገር አይደለም። ክፍያ የለውም፣ ቅጽም የለውም፤ ሥራው ግን ያው ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ከሄድን በነገሥታቱና በመሳፍንቱ ግብር ላይ ጠጅ አሳላፊው ከሚያቀርበው መጠጥ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ በጌታው ፊት ይቀምስ እንደ ነበር እናገኛለን። ያ ግን የመርዝ ፍተሻ ነበር፣ የመስተንግዶ አልነበረም።

ሌላው ፈታሽ ሹፌሩ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ ያቋረጠ፣ ደጀን ላይ ትንፋሽ የሰበሰበ አውቶቡስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ደብረ ማርቆስን ሲያገኝ የምሳ ሰዓት ይሆናል። ተሳፋሪው የሚበላው ሹፌሩ በቆመበት ቤት ነው፤ ሹፌሩና ረዳቱ ደግሞ በብዙ ቤቶች ሒሳብ አይጠየቁም። በነፃ የሚበላ ፈታሽ ምስክርነቱ ምን ያህል እንደሚታመን አንባቢ ይፍረድ።

መጋቢትና ሚያዝያ 2012

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ትምህርት ቤቶች ከጥቂት ቀናት በኋላ ተዘጉ፤ የየክልሉ መስተዳድሮችም የሕዝብ ትራንስፖርትን ማገድ ጀመሩ። የአማራ ክልል መንግሥት በክልሉ ቫይረሱ የተገኘባቸው ሰዎች መኖራቸው ከታወቀ በኋላ መጋቢት 22 ቀን ባሕር ዳርን፣ አዲስ ቅዳምን፣ እንጅባራንና ቲሊሊን ለ14 ቀናት ከእንቅስቃሴ ዘጋ። አራቱም የጎጃም ከተሞች ናቸው፤ ሦስቱ አዊ ውስጥ ይገኛሉ። በአገሪቱ እንዲህ ያለ ጥብቅ እገዳ ቀድመው ከተሸከሙት መካከል መሆናቸው ሲወሳ አይሰማም፤ ሊወሳ ይገባዋል።

እገዳው የመጣው በዐቢይ ጾም ነበር። ሥጋ ቤቶች በልማዳቸው ተዘግተው ነበር፤ ምግብ ቤቶችም በያይነቱ፣ ሽሮና የጣና ዓሣ ይዘው የፋሲካን ገበያ በመጠበቅ ላይ ነበሩ። ፋሲካ ሚያዝያ 11 ቀን ዋለ። ጾሙ ሲፈታ ግን የሚገባው ገበያ አልገባም፤ መጋቢት 30 ቀን በመላው አገሪቱ የታወጀው የአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከልክሎ ነበርና። ከዳግም ትንሣኤ ጀምሮ የሚደራው ሠርግም አብሮ ቀረ። ለሆቴል አዳራሾች የዓመቱ ወፍራም ገቢ ከሠርግ የሚገኘው መሆኑን ለሚያውቅ፣ ትልቁ ጉዳት ከዝርዝር ተመጋቢው በፊት እዚህ ላይ እንደ ደረሰ ግልጽ ነው።

አዋጁን ተከትሎ የወጣው ደንብ ምግብ ቤቶችን በቀጥታ ነካ። በአንድ ጠረጴዛ ከሦስት ሰው በላይ ማስተናገድ ተከለከለ፤ በጠረጴዛዎች መካከል ሁለት የአዋቂ እርምጃ እንዲኖር ታዘዘ፤ የምሽት ክበቦች ተዘጉ፤ መጨባበጥ ተከለከለ፤ በሕዝብ መገልገያ ቦታዎች የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ግዴታ ሆነ። አንድ ትሪ ከብቦ መብላት፣ መጎራረስ፣ «ቅመሱልኝ» ብሎ ትሪውን ወደ ጎረቤት ጠረጴዛ መግፋት የለመደ ቤት ይህን ሲሰማ የገጠመውን መገመት አያዳግትም። በጎጃም የምግብ ቤት መልካምነት ከሚለካባቸው ነገሮች ግማሹ በአንድ ወረቀት ክልክል ሆነ።

ከመታጠቢያ በኩል ግን ማንም ሊያስተምረን የሚገባ አልነበረም። ከማዕድ በፊት ማስታጠቢያና ውሃ ይዞ እንግዳውን ማስታጠብ ኮሮና ያመጣው ትምህርት አይደለም። አዲሱ ነገር መታጠቢያው ወደ በር መውጣቱ ነው፦ ቧንቧ የተገጠመለት በርሜል፣ በገመድ የታሰረ ሳሙና፣ አጠገቡ የቆመ ዘበኛ። መግቢያው ላይ ሳይታጠቡ ማለፍ የማይቻልባቸው ቤቶች በዚያ ሰሞን በደብረ ማርቆስም በፍኖተ ሰላምም በዳንግላም የተለመዱ ነበሩ።

ቁጥጥሩን የያዙት በየከተማው የተቋቋሙ ግብረ ኃይሎች ናቸው፤ የጤና ባለሙያ፣ ፖሊስና የአስተዳደር ሰዎች ያሉባቸው። ይህ ከስውር ደንበኛነት ጋር ተቃራኒ የሆነ አሠራር ነው። ግብረ ኃይሉ ከሩቅ ይታያል፤ ሲመጣ ማስክ ከአገጭ ወደ አፍንጫ ይወጣል፣ አራተኛው ወንበር ይነሣል፣ ሲሄድ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ቤቱ ማንም በማያየው ሰዓት እንዴት እንደ ዋለ የሚያውቀው ተመጋቢው ነበር፤ እሱን ደግሞ የጠየቀው የለም። የወረርሽኙ ቁጥጥር ትልቁ ክፍተት ይህ ይመስላል። የግብረ ኃይሉ ሰዎች ያለ በቂ መከላከያ በየቤቱ መዞራቸው ግን ሊመሰገን የሚገባው ነው።

የአራቱ ከተሞች መዘጋት ጠቀመ ወይስ ጎዳ የሚለው ዛሬም ያከራክራል። ሥርጭቱን አዘገየው የሚሉ አሉ፤ ከደመወዙ ይልቅ በቲፕ የሚኖረውን አስተናጋጅና የዕለት ገቢ ያላትን እንጀራ ጋጋሪ ያለ ጊዜው አስራበ የሚሉም አሉ። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ።

በሌላው ዓለም ሥራው ምን ሆነ

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 አጋማሽ የኒው ዮርክ፣ ቀጥሎም የእንግሊዝ ምግብ ቤቶች ለተቀማጭ ተመጋቢ ሲዘጉ የስውር ደንበኛው ሥራ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከእጁ ወጣ። ቋሚ ሠራተኛ ስላልሆነ የተለመደው የሥራ አጥ ድጎማ አይመለከተውም ነበር፤ አሜሪካ በዚያው ወር ያወጣችው ልዩ ሕግ ነው በኮንትራት የሚሠሩትን ለጊዜው በድጎማው ያካተተው። ቼክ ልኮ «መንዝረህ ከፊሉን መልስልን» የሚል አጭበርባሪም በዚህ ሥራ ስም ሰዎችን ሲያታልል የቆየ ነው፤ ሥራ የጠፋበት ሰው ደግሞ ለእንዲህ ያለው ወጥመድ ቅርብ ነው።

ሥራው ሲመለስ መልኩን ቀይሮ ነበር። የሚፈተሸው የተቋጠረ ምግብ ሆነ፦ በመኪና መስኮት የሚቀበሉት፣ በሞተር ብስክሌት ቤት ድረስ የሚመጣው። ማሸጊያው ታሽጎ መጣ ወይ፣ ሾርባው ፈሰሰ ወይ፣ አድራሹ ማስክ አድርጓል ወይ። ስለ ጣዕም የሚጠይቀው ክፍል አጠረ፣ ስለ ንጽሕና የሚጠይቀው ረዘመ። ብዙ ድርጅቶችም መስተንግዶን ትተው ሠራተኞች የጤና ደንቡን ማክበራቸውን ብቻ እንዲያይላቸው ላኩት። ጎጃም ውስጥ ግብረ ኃይሉ በግልጽ የሠራውን እዚያ ስውር ደንበኛው በድብቅ ሠራው ማለት ይቻላል።

ሁለት ነገሮች ግን ሥራውን ከሥሩ ነቀነቁት። አንደኛው ማስክ ነው። የስውር ደንበኛ ሪፖርት ያስተናገደውን ሰው መልክ ይጠይቃል፤ ግማሽ ፊቱ የተሸፈነን አስተናጋጅ ፈገግ አለ አላለ ብሎ መጻፍ አስቸጋሪ ሆነ። ሁለተኛው ስም ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 ምግብ ቤቶችን ስትከፍት የተመጋቢው ስምና ስልክ እንዲመዘገብ ጠየቀች፤ ባዶ በሆነ አዳራሽ ውስጥ ስሙን አስመዝግቦ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ስውርነቱ ምኑ ላይ ነው? ተመሳስሎ ለመጥፋት ሕዝብ ያስፈልጋል።

ከዚያ ወዲህ

አዋጁ በ2012 ማብቂያ ላይ አከተመ። በ2013 መጀመሪያ የወጣው መመሪያ ቁጥር 30 የመሸፈኛና የርቀት ግዴታዎችን ቢያስቀጥልም፣ ጥቅምት 2013 የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር የሰው ሐሳብ ወደዚያ ሄደ። ክትባት በመጋቢት 2013 ተጀመረ። በዚያው ዓመት ግንቦት ሥራ የጀመረው ቴሌብር ሒሳብን በስልክ መክፈልን አለማመደ፤ ለስውር ደንበኛ የማይመች ልማድ ነው፣ የከፋዩን ስም ያሳያልና። የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮናን አስቸኳይ ሁኔታ በሚያዝያ 2015 አነሣ፤ በሐምሌ 2015 ማብቂያ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ ጊዜ ግን የጎጃም መንገዶች እንደገና ተዘጉ፣ ኢንተርኔትም ተቋረጠ። የዚህኛው ጉዳት ለሆቴሎቹ ከወረርሽኙ የበለጠ መሆኑን የሚጠራጠር የዘርፉ ሰው ማግኘት ያስቸግራል።

ከደንቦቹ ውስጥ ሦስት ሰው በአንድ ጠረጴዛ የሚለው ወዲያው ተረሳ፣ ጉርሻም ተመለሰ። በሩ ላይ የነበሩት በርሜሎች በአንዳንዱ ቤት ወደ ጓዳ ገብተው የዕቃ ማጠቢያ ውሃ ማከማቻ ሆኑ፤ በሌላው ቋሚ የሲሚንቶ መታጠቢያ ተተካባቸው። ዘመድ ልኮ ቤቱን የሚያስፈትነው ባለቤት ግን ዛሬ የወጡን ጣዕም ከመጠየቁ በፊት ስለ መጸዳጃ ቤቱ ይጠይቃል።