ማተብ አንገት ላይ፣ ፊርማ ወረቀት ላይ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ባሕር ዳር ላይ በባጃጅ ተሳፍራችሁ በቅዱስ ጊዮርጊስ በኩል ስታልፉ ሹፌሩ አንድ እጁን ከመሪው አንሥቶ ያማትባል። ከኋላ የተቀመጡትም ያማትባሉ። ስልክ የሚያወራው እንኳ ስልኩን ወደ ግራ እጁ አዙሮ በቀኙ ያማትባል። ደስ ይላል። ግን እውነቱን እንነጋገር፣ እዚያ ጋ ማማተብ ምን ድፍረት ይጠይቃል? የሚከብደውስ አለማማተቡ ነው።

ስለዚህ እምነትን በግልጽ ስለ መኖር ስናወራ የእኛ ከተማ ጥያቄ ትንሽ ለየት ይላል። ማተብ ስላሰርን የሚያስረን የለም። ነጠላ ለብሰን ስንወጣ የሚገላምጠን የለም። የእኛ ፈተና ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ደግሞ ሰይፍ ስለማይመዝ ፈተና አይመስልም።

የራሴን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ከምሠራበት መሥሪያ ቤት ለመስክ ሥራ ወጣን። ሦስት ቀን ቆየን። የውሎ አበሉ ወረቀት ሲመጣ አምስት ቀን ይላል። ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞሮ እኔ ጋ ሲደርስ ከእኔ በላይ ስድስት ፊርማ አለበት። "ፈርም እንጂ፣ ሁላችንም ፈርመናል" አለኝ አንዱ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም የቸገረው ሲያይ ቀድሞ እጁን የሚዘረጋ ነው። ልፈርም ጎንበስ ስል ማተቤ ላይ ያለችው ትንሽ የእንጨት መስቀል ከሸሚዜ ወጥታ ወረቀቱ ላይ ተንጠለጠለች። መልሼ ወደ ውስጥ ከተትኳትና ፈረምኩ።

ብሩን ምን እንዳደረግኩበት ዛሬ አላስታውስም። መስቀሏን የከተትኩበት እጄ ግን ትዝ ይለኛል።

ወላጆቻችን "ማተብ የለውም" የሚሉት አንገቱ ባዶ የሆነውን ሰው አይደለም። ቃሉ የማይታመነውን ነው። በዚያ ቀን እኔ ማተብ አስሬ ማተብ የሌለኝ ሰው ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ ነው ኒቆዲሞስን በደንብ ያነበብኩት። በስሙ የሚጠራው የዐቢይ ጾም ሰባተኛ እሑድ ሲደርስ ሁላችንም ስለ ዳግም ልደት እንማራለን፤ ተገቢም ነው። እኔ ግን ሰውየውን ራሱን ተከተልኩት። በዮሐንስ ወንጌል ሦስት ጊዜ እናገኘዋለን። መጀመሪያ ምዕራፍ 3 ላይ በሌሊት ይመጣል። የአይሁድ አለቃ ነው፤ ስም አለው፣ ወንበር አለው። ጌታችን ግን "በቀን ና" ብሎ አልመለሰውም። በመጣበት ሰዓት ተቀበለው፣ የሰማዩንም ምሥጢር ነገረው።

ሁለተኛው ምዕራፍ 7 ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ ዘልለነው የምናልፈው። ፈሪሳውያን ጌታን ሊያስይዙት ፈልገው ተቆጥተዋል። ኒቆዲሞስ መካከላቸው ተቀምጧል። "እኔ አምኜበታለሁ" አላለም። ሰውየው ሳይሰማ ሕጋችን ይፈርድበታል ወይ ብሎ ብቻ ጠየቀ። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት፣ ያውም የአሠራር ጥያቄ። ለእሷም ዋጋ ከፈለባት፤ "አንተም ደግሞ ከገሊላ ነህን?" ብለው አፌዙበት። መልስ መስጠቱ አልተጻፈም።

ሦስተኛው ምዕራፍ 19 ነው። ጌታ ተሰቅሏል። "ከአንተ ጋር እሞታለሁ" ያለው ጴጥሮስ ክዶ አልቅሷል፣ አብዛኞቹ ደቀ መዛሙርት ተበትነዋል። ያን ጊዜ ሁለት የተደበቁ ሰዎች ብቅ አሉ። አርማትያዊው ዮሴፍ አይሁድን ፈርቶ በስውር የሚከተል ነበር። ማርቆስ ስለ እሱ ሲጽፍ "ደፍሮ" ወደ ጲላጦስ ገባ ይላል። ኒቆዲሞስ ደግሞ መቶ ንጥር የሚያህል ከርቤና እሬት ይዞ መጣ። ይህ በጉያ የሚሸሸግ ሸክም አይደለም። ዮሐንስ እዚህም ላይ ቀድሞ በሌሊት መጥቶ የነበረው ሰው መሆኑን ያስታውሰናል። ሊያሳፍረው አይመስለኝም። ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ እንድናይለት ነው።

ከዚሁ ከጣናችንም ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ አለች። አፄ ሱስንዮስ ወደ ካቶሊክ እምነት ባዘነበሉበት ዘመን (የዛሬ ካቶሊክ ወንድሞቻችንን ለመንካት አይደለም፣ ታሪኩ ስለሆነ ነው) ባሏ መልክአ ክርስቶስ የንጉሡ ሹም ነበር። ገድሏ ሲናገር መጀመሪያ ከቤቷ የወጣችው ተደብቃ ነው። ባሏ አስፈልጎ አስመለሳት። ደግማ ወጣች። ንጉሥ ፊት የቀረበችው፣ ሦስት ዓመት የተጋዘችው፣ በዘጌና በሌሎች ቦታዎች ማኅበር ያቆመችው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ግን ወደ ደሴቶቹ በጀልባ ስንሻገር የምናወራው ንጉሥ ፊት ስለቆመችው ነው። ተደብቃ ስለወጣችው ብዙም አናነሣ።

ድፍረት ሲባል ጩኸት የሚመስለንም አለን። ፌስቡክ ላይ የሌላውን እምነት ሰድቦ "መሰከርኩ" የሚል አለ። ቅዱስ ጴጥሮስ ግን ስለ ተስፋችን ለሚጠይቁን መልስ ስንሰጥ "በየዋህነትና በፍርሃት" ይሁን ነው ያለው። ከዶሮ ጩኸት በኋላ የተማረው ሰው ነውና እሱን መስማት ይሻላል። ረቡዕ ቀን ሐይቁ ዳር ለምሳ ተቀምጣችሁ ሁሉም ዓሣ ጉላሽ ሲያዝ "ለእኔ ሽሮ፣ ዛሬ ጾም ነው" ካላችሁ በቂ ነው። ዓሣ ያጾማል አያጾምም የሚለው ክርክር ይነሣ ይሆናል፤ እሱን ለንስሐ አባታችሁ ተዉት፣ ሽሮው ሳይበርድ ብሉ።

ያ ወረቀት በዓመቱ ተመልሶ መጣ። አሁንም ሦስት ቀን ወጥተን አምስት ቀን ተጽፏል። የተዘጋጀሁበት ጥቅስ አልነበረኝም። "እኔ ሐሙስና ዓርብ እዚሁ ቢሮ ነበርኩ፣ የእኔን ሦስት ብቻ አድርጉልኝ" አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ነው የወጣው። አንዱ "አባ እንበልህ እንዴ?" አለና ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሌላ የምለው አልመጣልኝም። ሂሳብ ሠራተኛዋ እያጉረመረመች ቁጥሩን ሰርዛ አስተካከለችው።

ለሁለት ሳምንት ያህል ቡና ሲወጡ ሳይጠሩኝ ሄዱ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን አመሸሁ፤ ቢሮው ባዶ ነበር። ከስድስቱ ፈራሚዎች አንዱ ገባና በሩን ቀስ አድርጎ ከኋላው ዘጋ። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

"ያን ቀን ለመናገር እንዴት ቻልክ?" አለኝ።