የአይዲኤች ሚውቴሽን ምንድን ነው?

አይዲኤች1 (አይሶሲትሬት ዲሃይድሮጅኔዝ 1) የ414 አሚኖ አሲዶች ሰንሰለት የሆነ ኢንዛይም፣ ማለትም በሕዋስ ውስጥ ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። በሰንሰለቱ 132ኛ ቦታ ላይ የሚቀመጠው አርጂኒን የተባለው አሚኖ አሲድ ነው። በአንዳንድ የአንጎል ዕጢዎች ውስጥ ግን በዚያ ቦታ ሂስቲዲን የተባለ ሌላ አሚኖ አሲድ ተተክቶ ይገኛል። የአይዲኤች ሚውቴሽን (የዘረመል ለውጥ) ከሚባሉት ውስጥ በአንጎል ዕጢ ላይ በብዛት የሚታየው ይህ ነው፤ የቅርብ ዘመዱ አይዲኤች2 ደግሞ በተወሰኑ የደም ካንሰር ሕሙማን ላይ ተለውጦ ይገኛል።

ጤነኛው ኢንዛይም አይሶሲትሬት የተባለውን ውህድ ወደ አልፋ ኬቶግሉታሬት ይቀይራል። ለውጡ እ.ኤ.አ. በ2008 በአንጎል ዕጢ ናሙናዎች ላይ ሲገኝ ኢንዛይሙ ተበላሽቶ ሥራ የፈታ ይመስል ነበር። በዓመቱ የወጣው ውጤት ግን ሌላ ሆነ፤ ኢንዛይሙ ሥራ አልፈታም፣ ሥራ ቀይሯል። የፈጨውን ዱቄት መልሶ እየዋጠ ሌላ ነገር እንደሚያወጣ ወፍጮ፣ አልፋ ኬቶግሉታሬትን እየወሰደ 2-ሃይድሮክሲግሉታሬት ያመርታል። በጤነኛ ሕዋስ ውስጥ ከቁጥር የማይገባው ይህ ውህድ በዕጢው ውስጥ እስከ መቶ እጥፍ ይከማቻል።

ጉዳቱ የሚመጣው ይህ ውህድ አልፋ ኬቶግሉታሬትን ከመምሰሉ ነው። በዲኤንኤ ላይ የተለጠፉ የሜቲል ምልክቶችን የሚያነሡ ኢንዛይሞች ያለ አልፋ ኬቶግሉታሬት አይሠሩም፤ መሳዩ ውህድ ቦታውን ሲይዝባቸው ምልክቶቹ ይከመራሉ፣ ሕዋሱን ለአቅመ ሥራ የሚያበቁት ዘረመሎችም እንደተዘጉ ይቀራሉ። ሕዋሱ ሳይበስል መባዛቱን ይቀጥላል።

ብዙ ዕጢዎች ግሉኮስ የተባለውን ስኳር አብዝተው እንደሚወስዱ ጀርመናዊው ሳይንቲስት ኦቶ ዋርበርግ በ1920ዎቹ አሳይቷል። “ስኳር ብትተው ካንሰሩ ይራባል” የሚለው ምክር ግን ከዚያ አይከተልም፤ አፋችን ባይቀምሰውም ጉበታችን ራሱ ግሉኮስ ይሠራል። የሚያዋጣው ጤነኛው ሕዋስ የሌለውን፣ ዕጢው ብቻ ያለውን ነገር መፈለግ ነው። የተለወጠው ኢንዛይም እንዲህ ያለ ነገር ነው።

አሜሪካ ኤናሲዴኒብን በ2017፣ ኢቮሲዴኒብን በ2018 ለደም ካንሰር ፈቀደች። እነዚህ መድኃኒቶች እንደ ኬሞቴራፒ ሕዋሱን በቀጥታ አይገድሉም፤ የተለወጠውን ኢንዛይም በማገድ ጥሬው የደም ሕዋስ እንዲበስል ያደርጋሉ። በሕክምናው ወቅት በደም ውስጥ ከሚታዩት የበሰሉ ነጭ ሕዋሶች ከፊሎቹ ሚውቴሽኑን እንደያዙ ናቸው፤ ካንሰሩ ራሱ በስሎ ማለት ነው! ይህም መዘዝ አለው፤ መብሰሉ በድንገት ሲሆን ትኩሳት፣ የትንፋሽ ማጠርና እብጠት ሊያስከትል ስለሚችል ሐኪሞች ስቴሮይድ ለመስጠት አይዘገዩም።

ወደ አንጎል ዘልቆ የሚገባው ቮራሲዴኒብ በ2024 ተፈቀደ። ቀዶ ሕክምና ያደረጉ፣ ዕጢያቸው በዝግታ የሚያድግ ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት፣ በሽታው ሳይባባስ የቆየበት መካከለኛ ጊዜ መድኃኒቱን ባልወሰዱት 11.1 ወር፣ በወሰዱት 27.7 ወር ሆኗል። ፈውስ ግን አይደለም። በደም ካንሰር ላይ እንደታየው፣ አይዲኤች1 ሲታገድ በአይዲኤች2 ሚውቴሽን ያንኑ ውህድ ማምረቱን የሚቀጥል በሽታም አለ።